ሰው አፈናጦ መንዳት፦ ከወረቀቱ እስከ መውረጃው

ወላይታ ሶዶ፣ ዲላ ወይም ጂንካ መናኸሪያ በር ላይ ብትቆም፣ ከአውቶቡስ የወረደው ሰው ብዙው ወደ ቤቱ የሚሄደው በሞተር ነው። ባጃጅ የማይገባበት ሰፈር ሞተር ይገባል። ነፍሰ ጡር በሌሊት ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት፣ ተማሪን ለፈተና የሚያስደርሰው ሞተረኛው ነው። ሥራው የተከበረ ሥራ ነው። ግን ሰው ማፈናጠጥን ማንም አያስተምረንም። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ የምንፈተነው ብቻችንን ተቀምጠን ነው። ከዚያ በማግስቱ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከኋላችን ይወጣል፤ ሞተሩም ትናንት የምናውቀው ሞተር አይሆንም።

እኔ የማምነው አንድ ነገር አለ። ከኋላ የተቀመጠውን ሰው የሚያድነው ወይም የሚጎዳው ነገር አብዛኛው የሚወሰነው ሞተሩ ሳይንቀሳቀስ ባለችው ሁለት ደቂቃ ነው። መመሪያውም የሚበዛው እዚያ ላይ ነው።

1. ወረቀትህን አሟላ

መንጃ ፈቃድህን አውጣና እይ። የሞተር ሳይክል ምድብ አለው? የመኪና መንጃ ፈቃድ ይዞ ሞተር የሚነዳ ሰው ሞልቷል፤ አደጋ የደረሰ ቀን ግን እንደሌለው ይቆጠራል። ቀጥሎ ሊብሬውን ክፈት። የሞተሩ ቁጥርና የሻንሲው ቁጥር ከሞተሩ ጋር ይግጠም። ቦሎው የዘንድሮ ይሁን። የሦስተኛ ወገን መድኑ ቀኑ እንዳያልፍ። ይህ መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ስትገዛ ግን ስቲከሩን ተቀብለህ ብቻ አትውጣ። «ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ቢጎዳ ውሉ ይሸፍነዋል? ካልሸፈነስ ስንት ልጨምር?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን ውሉ ላይ አሳዩኝ በል። በቃል የተነገረ ነገር በኋላ አይጠቅምህም።

ጎረቤትህን በነጻ ማድረስና ሒሳብ እየተቀበሉ ማመላለስ ለየቅል ናቸው። ለሁለተኛው ከከተማህ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ማውጣት አለብህ። ብዙ ቦታ ማኅበር መግባትና መለያ ያለው ሰደርያ መልበስም ይጠየቃል። ታርጋህም ከምትሠራው ሥራ ጋር መስማማት አለበት፤ የግል ኮድ ይዞ ታክሲ መሥራት ትራፊክ ባስቆመህ ቁጥር የሚያስጨንቅህ ነገር ነው። ደንቡ ደግሞ ከከተማ ከተማ ይለያያል። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተሮች ላይ እገዳ ጥላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ ገብቶ መሥራት አይቻልም። ሌላ ከተማ ሄደህ ልትሠራ ካሰብክ መጀመሪያ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቅ፣ ከዚያ ሞተሩን ጫን።

ይህን ሁሉ የምለው ለቅጣቱ ብዬ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ንዑስ 3 መሠረት፣ ደንብን እያወቀ በመጣስ ወይም ጠጥቶ በመንዳት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ሦስት ሰው ጭኖ መሄድ ደንብ እያወቁ መጣስ ነው። ሞተርህን በቀን ሒሳብ ለሌላ ሰው የምትሰጥ ከሆንክም ነጻ አይደለህም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ባለቤቱን፣ ሌላ ሰው ሲነዳው ለደረሰ ጉዳትም ተጠያቂ ያደርገዋል።

2. ሞተሩን ለሁለት ሰው አዘጋጀው

የኋላ ጎማ ላይ ጀምር። ብቻህን ስትሄድ የሚበቃው አየር ሁለት ስትሆኑ አይበቃም። ባጃጅ ኩባንያ በሚሠራቸው ባለ ሁለት እግር ሞተሮች፣ ለምሳሌ ቦክሰር ላይ፣ የኋላ ጎማ ለብቻ 28፣ ሰው ሲፈናጠጥ 32 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው። የአንተ ሞተር ትክክለኛ ልክ ከሞተሩ ጋር በመጣው መመሪያ ላይ አለ፤ ለጎሚስታው በቁጥር ንገረው። «ትንሽ ጨምርበት» አይባልም። በጣት ተጭኖ መገመትም አይሠራም። አየሩ ያነሰ ጎማ ኩርባ ላይ ይዋኛል፣ ካላማዳሪውንም ቶሎ ይበላል።

ካቴናውን ሰው አስቀምጠህ ፈትሸው። ብቻህን ልኩ የነበረው፣ ሁለት ሰው ሲጫነው ሊወጠር ይችላል። የኋላ ሾኩ ሥር ባለ ጥርስ ቀለበት ካለው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የምታመላልስ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ አጥብቀው። ይህ ካልተደረገ የሞተሩ ጀርባ ይወርዳል፣ መብራቱም አስፋልቱን ትቶ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ስቶፕ መብራቱን በእጅም በእግርም ፍሬን ሞክር። ከኋላህ ያለው ሲኖትራክ መቆምህን የሚያውቀው በእሱ ብቻ ነው። ስፖኪዮ የነቀልክ ከሆነ መልሰህ ግጠም።

የኋላ እግር ማሳረፊያዎቹ ሁለቱም ይኑሩ፣ ላስቲካቸውም ያልተላጠ ይሁን። ዝናብ በነካው ብረት ላይ ጫማ ይንሸራተታል።

አሁን ብዙዎቻችን የምንንቀው አንድ ዕቃ ልንገርህ። ከህንድ የሚመጡ ሞተሮች ከኋላ ጎማው ግራ ጎን ላይ እንደ አጥር የተሠራ ብረት አላቸው። የህንድ ደንብ የኋላ ጎማው ግማሽ ያህል እንዲሸፈን ስለሚያስገድድ የተሠራ ነው፤ የሴቶቹ ሳሪ በጎማው እንዳይጠለፍ። እኛ ጋ «ያስጠላል፣ ያንኳኳል» ተብሎ ሞተሩ በተገዛ ሳምንት ይፈታል። የእኛ እናቶች ግን ነጠላ ይለብሳሉ። የነጠላ ጥለት ጫፍ በካቴናውና በጥርሱ መካከል ከገባ፣ ጨርቁ አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ፣ የሚሆነውን ለመናገር ይከብዳል። ብረቱን ከፈታኸው ዛሬውኑ መልስ። ከጠፋብህ የብየዳ ቤት በርካሽ ይሠራልሃል። የካቴና መሸፈኛውንም አታውልቅ።

3. ሁለተኛ ሄልሜት ያዝ

ሄልሜት ለነጂውም ለተፈናጠጠውም ግዴታ ነው። የሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ ውስጥ ሁለት ሄልሜት ያልያዘ ሞተረኛ ሰው አይጭንም፤ ተሳፋሪውም ራሱ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። እኛ ጋ ነጂው ያደርጋል፣ ከኋላ ያለው ፀጉሩን ነፋስ እያበነነው ይሄዳል። ሲወድቁ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የሚወረወረው ከኋላ የነበረው ነው። የሚይዘው መሪ የለውም፤ ሊደርስ ያለውንም ቀድሞ አያይም።

ኮክሬን የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ባወጣው ግምገማ፣ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ከዚህ የበለጠ በርካሽ የሚገዛ ሕይወት አድን ዕቃ እኔ አላውቅም።

ስትገዛ ኋላውን አገላብጠህ እይ፣ የማሰሪያውን ውስጠኛ ጨርቅም ገልጠህ ተመልከት። የአውሮፓው ልክ ክብ ውስጥ ያለ የላቲን ኢ ፊደልና አጠገቡ ቁጥር አለው። የህንዱ አይ ኤስ አይ የሚል ምልክትና 4151 የሚል ቁጥር አለው። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ሄልሜት አይደለም፤ ከላይ ለሚወድቅ ነገር የተሠራ ስለሆነ ጎንና ኋላን አይጠብቅም። ግማሽ ራስ ብቻ የሚሸፍነውንም ለተሳፋሪ አትግዛ። ውስጡን በአውራ ጣትህ ጫን በል፤ ከጨርቁ ሥር ጠንካራና ወፍራም ፎም ካልተሰማህ ፕላስቲክ ብቻ ነው የያዝከው።

ልኩን ለማወቅ ሰውየው ካጠለቀው በኋላ ሄልሜቱን ይዘህ ግራና ቀኝ ገፋ አድርገው። የግንባር ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ሄልሜቱ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፊ ነው። አንድ ሄልሜት ሁሉንም አይገጥምም። መካከለኛ መጠን ገዝተህ፣ ለትንሽ ራስ የሚሆን ተጨማሪ የጉንጭ ስፖንጅ ብትይዝ ይሻላል። ማሰሪያው ሁልጊዜ ይታሰር። ከአገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ያልታሰረ ሄልሜት ሰውየው መሬት ከመንካቱ በፊት ይወልቃል።

ሰዎች የማያደርጉት ስለሚንቁት ብቻ አይደለም። ላቡን፣ ፎረፎሩን፣ ጭርቱን ይፈራሉ። ሹሩባ የተሠራች ሴት የደከመችበት እንዳይበላሽባት ትሰጋለች። ፍርሃታቸው ትክክል ነው፤ መልሱ ያለው በአንተ እጅ ነው። ስስ የላስቲክ ወይም የጨርቅ ቆብ ገዝተህ ለእያንዳንዱ ሰው ስጥ። የሄልሜቱ ጨርቅ የሚወልቅ ከሆነ በየሳምንቱ አውጥተህ በሳሙና እጠበው፣ ጥላ ላይ አድርቀው። የማይወልቅ ከሆነ ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ አናፍሰው። ሻሽ ያሰረች ሴት ሻሹን ስስ አድርጋ ብታስር ሄልሜቱ በልኩ ይቀመጥላታል። ንጹሕ ሄልሜት ያለው ሞተረኛ ደንበኛ አያጣም፤ ስልክ ቁጥሩን የሚጠይቁት እሱን ነው።

4. ማንን አልጭንም እንደምትል አስቀድመህ ወስን

አንተና አንድ ሰው። ከዚያ በላይ የለም። ባልና ሚስት አብረው ቢለምኑህም፣ መሽቷል ቢሉህም፣ ሁለት ጊዜ ተመላለስ ወይም ጓደኛህን ጥራ።

ሕፃን ነዳጅ ታንከር ላይ አስቀምጦ መሄድ የተለመደ ነው፤ በጣም አደገኛም ነው። ድንገት ፍሬን ስትይዝ ልጁ መሪውና ሰዓቱ ላይ ይመታል፣ ከኋላ ደግሞ የአንተ ክብደት ይጫነዋል። የታዘለ ሕፃንም ከእናቱ ጀርባ ምንም የሚጠብቀው የለም። ልጅ ከኋላ የሚቀመጠው ሁለት እግሩ ማሳረፊያው ላይ በደንብ ሲደርስ፣ ራሱ መያዝ ሲችልና ልኩ የሆነ ሄልሜት ሲኖር ነው። እግሩ የማይደርስ ልጅ ይዘው የመጡ እናትን «ለልጁ ባጃጅ ይሻላል፣ እኔ ልጥራልዎት» በላቸው። ገንዘቡ ይቅርብህ።

የሰከረ ሰው አታፈናጥጥ። የሚያንቀላፋ ሰውም እንደዚያው። ኩርባ ላይ በተቃራኒው ይጋደላል፣ ወይም ይለቅሃል። ዕቃ የያዘ ከሆነ ዕቃው በሁለታችሁ መካከል ይሁን ወይም በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ፌስታል መሪ ላይ አይንጠልጠል፤ መሪውን ይጎትታል፣ የፊት ጎማ ውስጥም ይገባል። በአንድ እጁ ዶሮ፣ በአንድ እጁ የዘይት ጀሪካን የያዘ ሰው መያዣ እጅ የለውም።

5. አወጣጡ

ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጣና ቁም። ምክንያት አለው። ማርሚታው በአብዛኛው በቀኝ በኩል ስለሆነ ሰው የሚወጣው በግራ ነው። እኛ አገር ደግሞ በቀኝ ስለምንነዳ ግራህ መኪና የሚያልፍበት ነው። ጠርዝ ላይ ብቻ ቆመህ ብታወጣው ሰውየው እግሩን የሚያነሳው በሚያልፍ ሚኒባስ ፊት ነው።

ሁለት እግርህን መሬት ላይ አጽንተህ ተቀመጥ። ማርሹ ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) ይሁን። የፊት ፍሬኑን ያዝ። ማቆሚያው መታጠፉን እይ። ሰውየው «ልውጣ?» ሳይል አይውጣ፤ አንተም «እሺ» ሳትል። ያላሰብከው ክብደት ድንገት ግራ እግር ማሳረፊያው ላይ ሲያርፍ ሞተር ይወድቃል። በግራ በኩል ትከሻህን ይዞ፣ እግሩን አሻግሮ ይቀመጥ። ቀኝ እግሩ ማርሚታውን እንዳይነካ ንገረው። የጋለ ማርሚታ ባት ላይ የሚተወው ጠባሳ በየከተማው ታያለህ።

ቀሚስና ነጠላ የለበሱ ሴቶች ወደ ጎን መቀመጥ ይመርጣሉ። እዚህ ላይ ሐሳቤን ልናገር። ህንድ ውስጥ በግራ ስለሚነዱ፣ በግራ ጎን የተቀመጠች ሴት ጉልበቷ ወደ እግረኛው መንገድ ነው። እኛ ጋ ጉልበቷ ወደ መኪናው ነው። ከዚያም በላይ ወደ ጎን የተቀመጠ ሰው አንድ እግር ብቻ ነው የሚያሳርፈው፤ ጉድጓድ ሲመጣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ተፈናጠው እንዲቀመጡ በአክብሮት ለምን። ሰፊ ቀሚስ ከሆነ ጫፉን ሰብስበው ጭናቸው ሥር ያድርጉት። ነጠላው ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ ካልሆነ ወገብ ላይ ይታሰር። አንገት ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ይሰብሰብ፤ ሻርፕም፣ የተማሪ መታወቂያ ገመድም።

6. ሳትነሳ በፊት ተናገር

ሞተረኞች ከምንተወው ነገር ትልቁ ይሄ ነው። ሩብ ደቂቃ አይፈጅም። ለአንዲት እናት እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «እናቴ፣ እግርዎን ከዚህ ብረት ላይ አያውርዱ፣ ስቆምም ቢሆን። ወገቤን ወይም የኋላውን ብረት ይያዙ። ስታጠፍ አብረውኝ ይሁኑ፣ ወደ ሌላ ጎን አይዘንበሉ። ፍጥነቱ ካስፈራዎት ሁለቴ ጀርባዬን መታ ያድርጉኝ።»

ለወጣት ልጅ «ወንድሜ፣ እግርህን አታውርድ፣ ስልክህንም ኪስህ ክተት» በቂው ነው። አብዛኛው ሰው ሞተሩ ሊቆም ሲል እግሩን መሬት ለማስነካት ይቸኩላል፤ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው ያኔ ነው። ተሳፋሪ ትከሻህን ይዞ እንዲሄድ አትፍቀድ። ሲደነግጥ ትከሻህን ይጎትታል፣ መሪውም አብሮ ይሄዳል። ወገብ ወይም የኋላ እጀታ ይሁን። ወንድና ሴት በመሆን የሚያፍሩ ከሆነ አንድ እጅ የኋላው ብረት ላይ፣ አንድ እጅ ጭናቸው አጠገብ ያለው የወንበር ጠርዝ ላይ ይሁን።

7. አነዳዱ

ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። የመጀመሪያዋን አምሳ ሜትር ሰውየውን ለማወቅ ተጠቀምባት፦ ይዟል ወይ? ይወዛወዛል ወይ? ግትር ብሎ ተቀምጧል ወይ? ሄልሜቱ የአንተን ሄልሜት ከኋላ ደጋግሞ የሚመታው ከሆነ የምትነዳው በጉልበት ነው ማለት ነው። ማርሽ ስትቀይርና ፍሬን ስትይዝ ለስለስ በል።

በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በየሰከንዱ 11 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። ፍየል አይተህ እጅህ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ይህችን 11 ሜትር ይበላታል፤ መቆም የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሲጨመር ደግሞ የማቆሚያው መንገድ ይረዝማል። ከፊትህ ካለው መኪና ብቻህን ስትሆን ከምትተወው ርቀት እጥፍ ተው። ፍሬን ስትይዝ ሁለቱንም አብረህ፣ እየጨመርክ ያዝ። የፊቱን ፈርቶ በእግር ፍሬን ብቻ የሚያቆም ሞተረኛ የፍሬኑን ትልቁን ጉልበት ትቶታል። ኮሮኮንችና ጭቃ ላይ ግን የፊቱን በጥንቃቄ፤ መሪው ታጥፎ ሳለ አትንካው።

ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርጎ መልቀቅ ይቅር። ነዳጅ ቆጠብኩ ትላለህ፤ ሁለት ሰው የያዘውን ሞተር ግን ፍሬን ብቻውን እንዲይዘው ታደርጋለህ። ከቡሌ ወደ ዲላ እንደሚወርደው ዓይነት ረጅም ቁልቁለት ላይ የከበሮ ፍሬን ይግላል፣ ከዚያ ብትረግጠው አይሰማም። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። ዳገት ላይ ደግሞ ድንገት ነዳጅ አትስጥ፤ የኋላው ክብደት የፊት ጎማውን ያቀለዋል።

ጉድጓድ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ካየህ ከመድረስህ በፊት «ጉድጓድ!» በል። አንተ ታየዋለህ፤ እሱ የሚያየው የአንተን ጀርባ ነው። ከጉድጓዱ ለመሸሽ ወደ መሃል መንገድ አትውጣ፤ ቀንሰህ እለፈው።

ቅድሚያ መስጠትና መቅደም ላይ አንድ ነገር ብቻ። ብቻህን ሆነህ የምታልፋትን ቀዳዳ ሰው ይዘህ አትሞክራት። የተሳፋሪው ጉልበት ወደ ጎን ይወጣል፣ ሞተሩም ስለከበደ ቶሎ አይፈጥንም። የሚያጥበረብር መብራት ሲመጣብህ ቀንስ። ዝናብ የጀመረበት የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አስፋልቱ ላይ ያለውን ዘይትና አቧራ ስለሚያነሳ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከቻልክ ጥግ ይዘህ አሳልፈው።

8. አወራረዱና አደጋ ቢደርስ

እንደ አወጣጡ ከመንገድ ወጥተህ ቁም። እግርህን አጽና፣ ፍሬን ያዝ፣ «ይውረዱ» በል። ሒሳብ የሚቀበለው ወርዶ፣ ከሞተሩ ራቅ ካለ በኋላ ይሁን። ሄልሜቱን ራሱ ካልቻለ ማሰሪያውን አንተ ፍታለት።

ከወደቃችሁ ሞተሩን አጥፋ። ሰው ቆሞ ከኋላ የሚመጣውን መኪና እንዲያስቆም አድርግ። የተጎዳው ሰው መተንፈሱን እይ። የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን አትጎትት፣ አታስነሳው፣ አታስቀምጠው፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ካልተነፈሰ ወይም የሚያስመልሰው ከሆነ ብቻ አንድ ሰው ራሱንና አንገቱን አጽንቶ ይዞ ሌላው ቀስ ብሎ ያውልቀው። ውኃ አታጠጣው። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጫን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው፤ ሁለቱንም ስልክህ ላይ አሁን መዝግብ። ከቦታው አትሂድ። አዋጅ 799/2005 ጤና ተቋማት በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለባቸው ይላል፤ በር ላይ ቅድሚያ ክፈሉ ከተባልክ ይህን ጠቅሰህ ተከራከር። ሳትዘገይም ለመድን ድርጅትህ አሳውቅ።

በአደጋ መሬት የመታ ሄልሜት ደህና ቢመስልም ፎሙ ተጨፍልቋልና ሁለተኛ አይጠብቅም። ማሰሪያውን ቆርጠህ ጣለው፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳያደርገው።